መቶ ሃያ ሰው፣ አንድ መልስ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። እኛ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች ነን። አርባ አራት ነን፤ ግማሾቻችን ልጅ ድረናል። ስታትስቲክስ የሚያስተምረን ዶክተር ይርዳው ይባላል። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ጎበዝነቱን ደግሞ ከማንም በፊት እሱ ራሱ ያውቃል። ሰሌዳውን በግሪክ ፊደል ጢም አድርጎ ይሞላና፣ ግማሹን ሳንገለብጥ ይደመስሰዋል።

ያን ቀን ጥናታችንን የምናቀርብበት ነበር። ተራው የጋሽ ወንድይፍራው ሆነ። ጋሽ ወንድይፍራው ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ «ዲግሪህን በሰኔ ካላመጣህ ከያዝከው ወንበር ትነሳለህ» የሚል ደብዳቤ ሰጥቶታል። ያጠናው የአንድ ቀበሌ ነዋሪ በውሃ አቅርቦቱ ምን ያህል እንደሚረካ ነው። ቧንቧው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ጠብ ካለ እልል የሚባልበት ቀበሌ ነው እንግዲህ።

ጋሽ ወንድይፍራው ጉሮሮውን ጠራረገና አነበበ። «መቶ ሃያ ሰው ጠየቅኩ። መቶ ሃያውም ‹በጣም ረክቻለሁ› ብለዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ ብቻ አልሳቀም።

«ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስንት መጣ?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ! የሰው መልስ እርስ በርሱ ምን ያህል እንደሚለያይ የሚነግረን ቁጥር፣ ዜሮ! ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚገኘው መቃብር ቦታ ብቻ ነው፣ ሰውዬ! መጠይቁን ቤትህ ቁጭ ብለህ ነው የሞላኸው!»

በልጁ ዕድሜ ያለ ሰው አንተ እያለ ሲያንቋሽሸው እኔ ደሜ ፈላ። ግን ምን ይደረግ፣ የኔም ማርክ እሱ እጅ ነው።

«ኧረ በእግሬ ነው ዶክተር፣ ቤት ለቤት ዞሬ» አለ ጋሽ ወንድይፍራው። «ዩኒቨርሲቲው የጻፈልኝን የትብብር ደብዳቤ ለቀበሌው ሰጠሁ። ሊቀመንበሩ ‹ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው ብቻውን አይላክም› ብሎ ራሱ አብሮኝ ዞረ። በየቤቱ ቀድሞኝ እየገባ ‹በሉ፣ ስለ ውሃችን ደህና ደህናውን ንገሩት› ይላል። አንዷን ሴትዮ ባዶ ጄሪካን አንጠልጥላ ወንዝ ልትወርድ ስትል በር ላይ አገኘናት። እሱን አየችና ‹በጣም ረክቻለሁ!› አለችኝ። እኔ ምን ላድርግ? ያለችኝን ጻፍኩ።»

«ሰበብ!» አለ ዶክተሩ። «ሊቀመንበር አጠገቡ ቆመ ብሎ ሰው ስለገዛ ጥሙ ይዋሻል? ችግሩ አንተ ጋ ነው፤ ያስተማርኩህን አልያዝክም። በሚቀጥለው ዓመት ትደግማለህ።»

ጋሽ ወንድይፍራው ወረቀቱን አጠፈ። «እስከሚቀጥለው ዓመትማ ወንበሬም አይጠብቀኝም፣ ዶክተር…»

«ወይስ ችግሩ የኔ ማስተማር ነው? እሺ፣ ክፍሉ ይመስክራ!» አለና ወደ እኛ ዞረ። የማርክ መዝገቡን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ከፊታችን ተገተረ። «ከመስከረም ጀምሮ ካስተማርኩት ውስጥ ያልገባው ሰው አለ? ካለ እጁን ያውጣ!»

ያልገባው አለ ይለናል እንዴ! እኔ አማካይ ከሚባለው ወዲህ የገባኝ ነገር ካለ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል። አጠገቤ የምትቀመጠው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ «ሲግማ» የሚባለው የግሪክ ፊደል፣ ስሌቱን ያገኘው ሰውዬ ስም ይመስላት ነበር፣ ወር ሙሉ። ግን እጅ ማውጣት? ማን ሞኝ አለ! አንዳችንም ጣት አላነሳንም። ጭራሽ ከኋላ አንዱ «በጣም ገብቶናል፣ ዶክተር!» ብሎ ጮኸ። እግዜር ይይለት።

«አየህ?» አለ ዶክተሩ ደረቱን ነፍቶ። «አርባ ሦስት ሰው፣ አርባ ሦስቱም ገብቷቸዋል!»

ጋሽ ወንድይፍራው አርባ ሦስታችንን ከዳር እስከ ዳር አየን። እኛ ደብተራችን ላይ አቀረቀርን። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ዶክተሩ ዞረ።

«እሺ ዶክተር፣ እርስዎ ካሉ ገብቷቸዋል» አለ። «ይሄ እውነት ከሆነ ግን፣ እዚያ ቀበሌም ውሃው በየቀኑ ይመጣል።»

ዶክተሩ የማርክ መዝገቡን ከብብቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በመጨረሻ ለጋሽ ወንድይፍራው ያለ ሊቀመንበር እንደገና ጠይቆ እንዲመለስ ሁለት ሳምንት ሰጠው፤ ለኛ ደግሞ ስም የማይጻፍበት ቁራጭ ወረቀት አደለን። ሠላሳ ዘጠኛችን «አልገባኝም» ብለን ጻፍን፤ የቀሩት አራቱ «ጥያቄው አልገባኝም» አሉ።