የጦጣ ጋሪና ዳገቱ

ጆሮ ስጡኝ፣ ተረት ላውራችሁ። አንዲት ኤሊ ኩሬዋ ቢደርቅባት ከኮረብታው ማዶ ወዳለው ሐይቅ ለመሄድ ተነሣች። ጦጣ በአራት ቅል ላይ ሳንቃ አስሮ ጋሪ ሠርቶ ነበርና፣ “ከእንግዲህ እግር ምን ያደርግልሻል? ቁጭ በይበት ብቻ” ብሎ አዋሳት። አምናው ተሳፈረች።

ጦጣ ገፋ ቢያደርገው ጋሪው ሜዳውን ተንከባለለ፤ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ግን ቆመ። የሰው ዕቃ ጥላ መሄድ ስላልሆነላት፣ በጥማት እየተቃጠለች አዝላው ወጣች።

ሐይቁ ዳር ስትደርስ ጦጣ ቀድሟት ደርሶ የሐይቁን አካባቢ እንስሳት ሰብስቦ፣ “ያውላችሁ፣ ጋሪዬ ኤሊን እንኳ አመጣት” ይላል።

“እሱ አላመጣኝም፤ እኔ ነኝ ተሸክሜ ያመጣሁት” አለች ኤሊ። ጋሪውን እግሩ ሥር ጣለችና፣ “በል ተሳፈርና ያንን ዳገት ውጣ” አለችው።

ጦጣ ዳገቱን አየ፣ እንስሳቱን አየ፤ ከዚያም በገዛ እግሩ ሮጦ ዛፍ ላይ ወጣ።