አራተኛውን ያልሰማው ሹም

አንድ ጊዜ በአንድ ሸለቆ የሚኖሩ አራዊት ሁሉ ከአንዲት ምንጭ ይጠጡ ነበር። ምንጯን ቆፍሮ ያወጣት አንድ አህያ ነው። ድንጋይ በጀርባው አመላልሶ ሁለት ቦይ ሠራ፤ አንዱ ንጹሑን ውሃ ወደየደጁ ያደርሳል፣ ሌላው እድፉን ከየደጁ ሰብስቦ ቁልቁል ወደ ረግረጉ ያወርዳል። በሕይወቱ ሳለ ቦዩን ሲጠርግ ውሎ የሚጠጣው ከሁሉም በኋላ ነበር። «መደፍረሱን የሚያውቀው መጨረሻ የሚጠጣው ነው» ይል ነበር።

አንድ ክረምት ሞተ። ሚስቱ ከምንጯ አጠገብ፣ እሱ በካበው የድንጋይ አጥር ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ቦዩም ጠራጊ አጣ። አራዊቱ አቤት ቢሉ አንበሳ ጅብን የውሃና የፍሳሽ ሹም አደረገው።

«ምነው ጅብን?» አሉት።

«ድምፁ ሩቅ ይሰማል» አለ አንበሳ።

ጅብ ማንበብ ስለማይችል የሹመቱን ደንብ ቀበሮ አነበበችለት።

«አንደኛ፣ ሹሙ ማንኛውንም ቦይ መዝጋት ይችላል።»

«እሰይ!»

«ሁለተኛ፣ ቦይ ለመመርመር የማንም ግቢ ይገባል።»

«የማንም? የአህያም?»

«የአህያም፣ አያ ጅቦ።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ።

«ሦስተኛ፣ ሹሙን ያልታዘዘ ከውሃው ይከለከላል። አራተኛ…»

«በቃኝ! ሦስቱ ይበቁኛል» ብሎ ብድግ አለ። ቀበሮም አራተኛውን ለብቻዋ አንብባ ፈገግ አለችና ብራናውን ጠቀለለች።

በማግስቱ ጅብ የአህያን በር ደበደበ።

«ክፈቺ! ቦይ ልመረምር ነው።»

«ቦዩ የሚያልፈው በውጭ ነው። እግርህ ሥር አለልህ» አለች አህያ።

ጅብ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነቷን ነው።

«እንግዲያው የምመረምረው አንቺን ነው። ወፍረሻል ወይስ ከስተሻል?»

«ከሐዘኑ ወዲህ ከስቻለሁ።»

«ግድ የለም፣ ይሆናል።»

«አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ ማለት ይኼኔ ነው!»

«ነውር ነው! እኔ የምሠራው በደንብ ነው» ብሎ ተቆጣ። «አልከፍትም ካልሽ የፍሳሹን ቦይ እዘጋዋለሁ። እድፉ ቤትሽን ሲሞላው ራስሽ ትወጫለሽ።»

አህያ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆመች። ከወጣች እንደምትበላ ታውቃለች፤ ከዚያ አጥር በቀር ደግሞ ባሏ የተወላት መጠጊያ የለም።

ጅብ ወደ ቀበሮ ሮጠ። «የቱ ጋ ልዝጋው?»

«ተኝተህ የምትጠብቀው ቦታ ላይ ነዋ! ሹም ቆሞ ይጠብቃል እንዴ?»

ምክሩ ደስ አለው። የጅብ ጉድጓድ ከሁሉም ቤት ዝቅ ብሎ ረግረጉ ዳር ነበር። ቦዩን እዚያው ደጁ ላይ በአጥንትና በጭቃ ጠቀጠቀና የአህያን መውጣት እየጠበቀ ጋደም አለ። እድፉ ግን ትእዛዙ በማን ላይ እንደ ወጣ አልተነገረውም፤ መጀመሪያ ያገኘው ዝቅተኛ ቤት የሹሙን ነበርና ገባበት። ላይ ያለችው አህያ ኮቴዋ እንኳ አልረጠበም።

ጅብ ሊከፍት ሲሮጥ ቀበሮ ከሩቅ ጮኸች።

«ተው! አራተኛውን ትጥሳለህ!»

«ደግሞ አራተኛው ምን ይላል?»

«ሹም የዘጋውን ቦይ የአራዊቱ ጉባኤ ሳይፈቅድ ራሱም አይክፈት፤ ከከፈተ ይሻር።»

«ጉባኤው መቼ ነው?»

«ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ።»

ጅብ ሹመቱን ከሚያጣ እድፍ ውስጥ መቀመጥ መረጠ። ዝንጀሮ በገደሉ ስታልፍ «አያ ጅቦ፣ ዛሬስ ምን እየመረመርክ ነው?» ትለዋለች። እሱም ቀኑን ሙሉ ያላዝናል። አንበሳ ከሩቅ ሲሰማው «ሹሜ ሥራ ላይ ነው» ብሎ ጎኑን ቀይሮ ይተኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጉባኤው ተቀመጠ። አንበሳ አፍንጫውን በመዳፉ ሸፍኖ ቦዩን አስከፈተ፣ ጅብንም ሻረ። ከዚያ ወደ አህያ ዞረ። «የአንቺም ድምፅ ቢሆን ሩቅ ይሰማል» ብሎ ሾማት።

ቀበሮ ብራናውን ዘርግታ «አንደኛ…» ስትል አህያ አቋረጠቻት።

«ቆይ እህቴ፣ ከአራተኛው ጀምሪልኝ።»

በዚያች ቀን ቦዩን ስትጠርግ ዋለች፤ ሁሉም ጠጥተው ከሄዱ በኋላም ከምንጯ ጠጣች። ውሃው ጥርት ያለ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የሥልጣኑን ስፋት እንጂ ወሰኑን መስማት የማይፈልግ ሹም በሌላው ላይ የዘጋው ቦይ በራሱ ደጅ እንደሚሞላበት ነው።