ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ

ምላሷ የማያርፍ አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች። ለከንቲባነት የሚወዳደሩት አቶ መኩሪያ ሰፈሯ መጡ ሲባል፣ የሳሙና እጇን በቀሚሷ አብሳ ሄደች። ዝናብ ይጥል ስለነበር እድሩ የለቅሶውን ድንኳን ሜዳው ላይ ተክሎላቸው፣ እሳቸው ከሥሩ ቆመው ያስረዳሉ።

«የጭቃ ቤታችሁ ይፈርስና ፎቅ ይሠራል፤ ይሄም ሜዳ እንደዚሁ። ከተማ መሀል ባዶ መሬት ማስቀመጥ ኋላቀርነት ነው!»

ሴትዮዋ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች። ባሏ የሞተ ጊዜ ሰፈርተኛው እስከ ሠልስት አብሯት የተቀመጠው እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር።

«ታዲያ ሰው ሲሞትብን ድንኳን የት እንትከል?» አለች።

የአቶ መኩሪያ አጃቢዎች ሳቁ። እሳቸውም የከተማውን ፕላን ከፍ አድርገው፣ «እናቴ፣ እኔ የማወራው በሕይወት ስላለ ሰው ነው! ይህ ሜዳ ለእሱ የሚሰጠውን አንድ ጥቅም ይንገሩኝና፣ ፕላኑን እዚሁ ልቅደደው» አሉ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ዝናቡ የሚደበድበውን ድንኳን አየች።

«በሕይወት ያለማ ይኸው እርስዎ ተጠለሉበት፣ ጌታዬ» አለች። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። «ግን አይቅደዱት። ብቻ ምርጫው እስኪያልፍ ሜዳውን አይንኩብን፤ ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ እርስዎን የምናስተዛዝንበት ቦታ ያስፈልገናል።»