አያ ጅቦ ገላውን የታጠበ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ የጅብ ምሳ በገዛ እግሩ እየሄደ ጅብ ደጃፍ ድረስ በሚመጣበት ዘመን፣ ሾላ በር ከምትባል መንደር ጥግ አንድ ገደል ነበር። የመንደሩ ሰው የአህያው ጀርባ ሲቆስል፣ ውሻው ሲታመምበት፣ እየነዳ ወስዶ እዚያ አፋፍ ላይ ይተወዋል። ከዚያ በኋላ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከገደሉ ስር አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ይተኛል። አድኖ አያውቅም፤ ሮጦም አያውቅ። ከመወፈሩ የተነሳ ሲራመድ ሆዱ መንገዱን ይጠርግ ነበር። እሱ በሚመላለስበት ጎዳና ሰባት ዓመት ሙሉ መጥረጊያ ያነሳ ሰው የለም። ገደሉንም «ጓዳዬ» ነበር የሚለው።

ታዲያ በአንድ ክረምት ማግስት ጓዳው ባዶ ሆነ። አህያ የለ፣ ውሻ የለ፣ የዶሮ ላባ እንኳ የለ። አያ ጅቦ አንድ ሳምንት ጠበቀ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቀ፤ በሦስተኛው ሆዱ ሲጮህ ማዶ ያሉ ሰዎች ነጎድጓድ መስሏቸው የተሰጣ እህል አነሱ። ሰኞ ጠዋት ቀጥ ብሎ ወደ እመት ቀበሮ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ ጓዳዬ ተዘረፈ!»

«ማን ዘረፈህ፣ አያ ጅቦ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሁሉን የምታውቂው አንቺ አይደለሽ?»

እመት ቀበሮ ጅራቷን እግሮቿ ላይ ጠምጥማ ተቀመጠች። «ሌባው የመንደሩ ዋርካ ስር ነው። እመት ጦጢት የእንስሳት በጎ አድራጎት ማኅበር አቋቁማለች። የቆሰለውን ትቀባለች፤ ውሾቹን ትከትባለች፤ ድመቶቹን ከትል ታጸዳለች። ክፍያ የለም። ባለቤቶቹንም ቁጭ አድርጋ፣ ጭነት እንዴት እንደሚጫን፣ ከጭነቱ ስር ምን እንደሚነጠፍ ታስተምራለች። ሰዉም ‹ለካ ይድናል!› ብሎ መጣሉን ተወ።»

«ይድናል!» አለ አያ ጅቦ፣ እንባው ሊወርድ ደርሶ። «እንዲህ ያለ ጭካኔ በዚህ አገር ታይቶ ያውቃል?»

«አንድ ተስፋ ግን አለህ። እንኮዬን ታውቃታለህ? የውሃ ሻጯን የውድነሽን አህያ?»

«ግራጫዋን? ስንቴ ምራቄን ውጬባታለሁ!»

«ግማሹ መንደር የሚጠጣው ውሃ በእሷ ጀርባ ነው የሚመጣው። አሁን ግን ጀርባዋ ክፉኛ ቆስሏል። ውድነሽም ‹እስከ ቅዳሜ ካልዳነች ወደ ገደሉ ነው፤ የማትሠራ አህያ የምቀልብበት አቅም የለኝም› ብላለች። ማኅበሩ በየቀኑ ቅባት ይቀባታል።»

አያ ጅቦ ጆሮው ቆመ። «ቅባቱ ባይኖርስ?»

«ቅዳሜ ምሳህ ናት።»

«ንገሪኝ! ምን ላድርግ?»

«አንገትህ ላይ ገመድ አስረህ ነገ ውሻ መስለህ ግባ። የሚያደርጉህን ሁሉ ዝም ብለህ ቻል። ከዋርካው ግንድ አጠገብ ሁለት እንስራ ታያለህ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ። ቅባቱ በቢጫው ነው። ግጥም አድርገህ ጠጣና ሩጥ። ጉበቷን ግን ለእኔ ታስቀራለህ።»

«ሳንባዋንም እጨምርልሻለሁ!» አለ አያ ጅቦ። መንገድ ላይ ሲያስበው ሳንባው ቆጨው። ማግስቱን ዋርካው ጋ ሲደርስ ጉበቱንም ለራሱ አድርጎት ነበር።

ዋርካው ስር ሰልፉ ረጅም ነው። ውሻው፣ ድመቱ፣ አህያው ከነባለቤቱ ተኮልኩሏል። መዝገብ የያዙት አባ ኤሊ ናቸው። አባ ኤሊ ሲጽፉ አይቸኩሉም፤ አንድ ቡችላ ሊመዘገብ ገብቶ ስሙ ተጽፎ ሳያልቅ ጢም አብቅሏል ይባላል።

«ስም?» አሉ አባ ኤሊ።

«ውሻ።»

«ውሻነትህን ተወው፤ እሱን አንተ ታውቃለህ። ስምህን ነው የጠየቅሁ።»

አያ ጅቦ ጨነቀው። «ቦቢ» አለ።

ከኋላው የተሰለፉት ውሾች በአንድ ጊዜ ሳል ያዛቸው።

«እሺ ቦቢ፣ ዋስህ ማን ነው?»

«ደግሞ የምን ዋስ?»

«እዚህ የሚታከም ሁሉ ዋስ ይጠራል፤ ‹በቀጠሮው ቀን ተመልሶ ይመጣል› ብሎ የሚፈርምለት። መድኃኒት ጀምሮ የሚጠፋው አስቸገረን እኮ።»

አያ ጅቦ ዞር ዞር አለ። ውሻውን ቢያየው ውሻው ደመና መቁጠር ጀመረ። ድመቷን ቢያያት ድመቷ ጅራቷ ላይ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ አገኘች። ሊወጣ ሲል ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«እኔ እፈርምለታለሁ።»

እንኮዬ ናት፤ ጀርባዋ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

«ታውቂዋለሽ?» አሉ አባ ኤሊ።

«እንዴት አላውቀውም! ስንት ዓመት ሙሉ ገደሉ ስር ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ የኖረ ነው።»

አባ ኤሊ አንገታቸውን ረዘም አድርገው አዩትና ጻፉ፦ «የረጅም ጊዜ ወዳጅ፤ ቀጠሮ ቅዳሜ።» እንኮዬም በሰኮናዋ ፈረመች። ስታልፍ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «አያ ጅቦ፣ ያለህበትን ባውቅ ይሻለኛል ብዬ ነው» አለችው።

«አይ አህያ!» አለ አያ ጅቦ በሆዱ። «ለሚበላት የምትፈርም!»

እመት ጦጢት አፉን ከፍታ አየችው። «ቦቢ፣ ይሄ ሁሉ ጥርስ ምን ለምዶ ነው?»

«ኧረ እኔ ጾመኛ ነኝ።»

ጦጢት ማን እንደሆነ አልጠፋትም። ግን «ዋርካው ስር የገባ ሁሉ ታማሚ ነው» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

መጀመሪያ እጥበት ነበር። ሰባት ሳሙና አለቀ። አረፋው ወንዙን ሞልቶ ሲወርድ የታችኛው መንደር ሰዎች ወተት ነው ብለው ቅል ይዘው ወጡ። ከግራ ጆሮው ብቻ የተለቀመው መዥገር ሁለት ቁና ሞላ። የቀኙን መስፈሪያ ጠፍቶለት ተዉት። ከዚያ መርፌ መጣ። አያ ጅቦ ገና ሲያየው «እናቴ ድረሽልኝ!» ብሎ ዋርካውን አቀፈ። ከፊቱ የተወጋች አንዲት የድመት ግልገል፣ «አይዞህ ቦቢ፣ ቶሎ ያልፋል» አለችው።

ሁሉን ቻለ። ጦጢት ፊቷን ስታዞር ዘሎ ቢጫውን እንስራ ያዘ። ግጥም! አንድ ጠብታ አላስቀረም። ገመዱን እያንጠለጠለ ሸሸ።

ለካስ የእንኮዬ ቅባት ያለው በጥቁሩ ነው። ቢጫው ለአርባ በሬ የተዘጋጀ የትል መድኃኒት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንተወው። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ አያ ጅቦ ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ሲሮጥ ሰነበተ። እዚያ ሜዳ ላይ ዛሬም ሣሩ ፈረሰኛ ይደብቃል።

ቅዳሜ ደረሰ። አያ ጅቦ ተንጠፍጥፎ፣ ቆዳው ሰፍቶት የተዋሰው ልብስ መስሎ፣ እየተንገዳገደ ወደ ገደሉ ሄደ። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ሚስቱና ወንድሞቹ እንኮዬን ሊቀበሉ ቀድመውት ተኮልኩለዋል። ልብ በሉ፣ ጅብ ዘመዱን የሚለየው በአፍንጫው ነው።

«ምንድን ነው ይሄ የሳሙና ሽታ?» አለች ሚስቱ።

«እኔ ነኝ! ባልሽ!»

«ባሌማ ቢሆን ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ይሸተኝ ነበር! ይሄ ውሻ ነው፤ ያዙት!»

አያ ጅቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሮጠ። ወንድሞቹ ከኋላው፣ እሱ ከፊት፤ ዳገቱን ወጥቶ መንደሩ መሃል ገባ። የሾላ በር ውሾች ከየአጥሩ እየዘለሉ ወጡ። አያ ጅቦ «አለቀልኝ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ውሾቹ ከበቡት፤ አሸተቱት፤ ያው የራሳቸው ሳሙና ነው።

«ኧረ ቦቢ ነው!» አለ አንደኛው። «ቦቢ፣ እነማን ናቸው የሚያሳድዱህ?» ብለው ወደ ጅቦቹ ዞሩ። በየቤቱ ታሞ ይተኛ የነበረ ውሻ ሁሉ ድኖ ስለነበር ብዛታቸው መንገዱን ሞላው። ጅቦቹም አዩና የረሱት ጉዳይ ትዝ አላቸው።

ይሄኔ ውድነሽ ከወንዝ መጣች። እንኮዬ አራት ጀሪካን ተሸክማለች፤ ከጭነቱ ስር ወፍራም ድሪቶ ተነጥፏል። ቁስሉ ደርቆ አዲስ ፀጉር አውጥቷል። ሰዉ በየበሩ ባልዲ ይዞ ይጠብቃታል።

«ይቺን ነው እኔ ጉደኛዋ ገደል ልሰድ የነበረው!» አለች ውድነሽ የእንኮዬን አንገት እያሻሸች።

እንኮዬ አያ ጅቦ ፊት ስትደርስ ቆመች። «ቦቢ፣ ቀጠሮህ ዛሬ ነው። ፈርሜብሃለሁ፤ አታሳፍረኝ።»

አያ ጅቦ መሬት መሬት አየ። «እንኮዬ፣ ጓዳዬ ባዶ ነው፤ ሚስቴ አላወቀችኝም፤ ሆዴም ከጀርባዬ ተጣበቀ። የት ልግባ?»

«ሰልፍ ግባ» አለችው።

ገባ። አባ ኤሊ «ቦቢ፣ በቀጠሮው ተገኝቷል» ብለው እስኪጽፉ ቀኑ ተጋመሰ። ጦጢት ሆዱን ዳሰሰችና ሳቀች። «ትል አልቀረህም፤ ምግብም አልቀረህም። ስማ፣ ከሉካንዳው የሚጣለው አጥንትና አንጀት መንገድ ዳር እየገማ ሕፃናቱንም ውሾቹንም ያሳምማል። በየቀኑ እየመጣህ ጥርግ አድርግልን።»

አያ ጅቦ እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም ነበር። በሁለት ሳምንት መንደሩ ጸዳ፤ እሱም ጠገበ፤ ሽታውም ተመለሰ። ሚስቱ መጥታ፣ «አንተ ሰው፣ የት ጠፍተህ ነው?» አለችው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እመት ቀበሮን ዋርካው አጠገብ አገኛት። አራት ግልገሎቿ ጅራቷን ይጎትታሉ።

«ቢጫው ነው ብለሽኝ ነበር!» አለ አያ ጅቦ።

«ብዬህ ነበር።»

«ጉበቱንስ ለምን ጠየቅሽኝ?»

እመት ቀበሮ ሳቋን ተወች። «አያ ጅቦ፣ አምና የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደሩ ውሾች ተነስቶ ሦስት ልጆቼን ጨረሰብኝ። ጦጢት ውሾቹን ከከተበች ወዲህ ግን እነዚህ አራቱ አሉልኝ። አንተ ይሄን ዋርካ ባዶ ልታደርግብኝ ስትነሳ እኔ ስለ ጉበት የማስብ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትታጠብ ነበር?»

አያ ጅቦ አሰበ፤ ጆሮውን አከከ፤ እንደገና አሰበ። «አልታጠብም ነበር» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው ቁስል ሲጠግብ የኖረ እንኳ ጎረቤቱ በሚድንበት ዛፍ ስር ለእሱም ቦታ እንዳለው፣ ለመግባት ግን መጀመሪያ መታጠብ እንዳለበት ነው።