ግራዝማች አላምረው የሰበሰቧቸው መቺዎች

ድንኳን ሲተከል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰዉ ሁሉ ካስማውን እኔ ልምታ እያለ መዶሻ ይሻማል፤ ገመዱን ወጥሮ የሚይዝ ግን አይገኝም። ድንኳኑ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲያዘነብል አንድ ሽማግሌ ከጥግ ጉሮሮውን ይጠርግና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። ሰዉ ይስቃል፤ አንዱም አፈር ይልና ገመዱን ይይዛል። አባባሏን የማያውቅ የለም። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ እኔ ደግሞ የማውቀውን ነገር ሆዴ ውስጥ ማሳደር አልችልበትም።

ነገሩ የሆነው በሁለት ደብሮች መካከል ነው። ላይኛው ዋርካ ማርያም፣ ታችኛው ሸንበቆ ጊዮርጊስ ይባላል። መሃላቸው ላይ ሰፊ ሜዳ አለ፤ በላይ በኩል ትልቅ ዋርካ ቆሟል፣ በታች በኩል ወንዝ ይወርዳል። በየዓመቱ የገና ዕለት የሁለቱ አገር ጎልማሳ ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ እዚያ ይወርድና ከእንጨት ተጠርቦ የተድቦለቦለውን ሩር እየመታ ሲጋፋ ይውላል። ሩሩ ወንዙን ከተሻገረ ዋርካዎች አሸነፉ፤ ዋርካውን ካለፈ ሸንበቆዎች አሸነፉ። አንዴ ካለፈ አለቀ፣ ዳግም የለም።

ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ያሸነፈው ወገን በተሸናፊው ባላባት ፊት ቆሞ በግጥም ይሰድበዋል። ያን ቀን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና ባላባቱ ፈገግ ብሎ ከመስማት በቀር መላ የለውም። ስድቡ ደግሞ ሜዳ ላይ አይቀርም። ገበያ ይወጣል፣ ከውሃ ቀጂዎች ጋር ወንዝ ይወርዳል፣ ሳይጠራ ሰርግ ይታደማል፤ እስከሚቀጥለው ገና ድረስ ዓመቱን ሙሉ ይዘፈናል።

የዋርካ ማርያሙ ባላባት ግራዝማች አላምረው ባለፈው ገና የደረሳቸው ይህ ነበር፦

«ግራዝማች አላምረው ምነው ሰው ጠፋብህ፣
ከጎተራህ ገብተው ሩሩን አገቡብህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ግራዝማች ግን ስማቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ዘፈኗን የገዛ ቤታቸው ገረድ እህል ስትፈጭ ስታንጎራጉራት ሰሙ። ልጃቸውን ለመዳር ከሽማግሌ ጋር ተቀምጠው ሳለ ከወደፊት አማቾቻቸው አንዱ ጉንጩን ነፍቶ ሳቁን ሲውጥ አዩ። ከሁሉ ይልቅ «ሰው ጠፋብህ» የምትለዋ ቃል እሾህ ሆና ተሰካችባቸው። ምግብ ሲቀርብ ያስታውሷታል፣ ጸሎት ሲያደርሱ ያስታውሷታል።

«እኔ አላምረው ሰው ጠፋብኝ? ቆይ ብቻ። ሰው ምን እንደሚመስል ዘንድሮ አሳያቸዋለሁ» አሉ።

ያን ጊዜ ሩር በመምታት ብቻ ስማቸው አገር ያዳረሰ፣ ዘንድሮ ለአንዱ ባላባት ለከርሞ ለሌላው እየተጫወቱ ሽልማታቸውን ተቀብለው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ግራዝማች ከእነዚህ ውስጥ አውራዎቹን ሦስቱን አስፈልገው አስመጡ። አንዱ አጥናፉ ነው፤ ሩሩን አንዴ ካገኘው ከሜዳ ጫፍ እስከ ሜዳ ጫፍ ይልከዋል። ሁለተኛው ውብሸት ግራኝ ነው፤ ካሰበበት ቦታ ስንዝር አይስትም። ሦስተኛው ጎሹ ደግሞ ሩሩን በዱላው ጫፍ እያንከባለለ ሲሮጥ ፈረሰኛም አይደርስበት። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ወገን ተሰልፈው ታይተው አይታወቁም። ወሬው የተሰማ ዕለት በሸንበቆ ጊዮርጊስ ሰው እራቱን በወጉ አልበላም ይባላል።

ሰዎቹን ማምጣቱ ግን ቀላል አልነበረም። በቅሎም ሙክትም ጠግበዋል። የሚርባቸው ስም ነው። የድሉ ዘፈን የሚጀመረው የመጨረሻዋን ምት በመታው ሰው ስም ነውና ሦስቱም ያቺን ምት ይፈልጓታል። ግራዝማች መጀመሪያ አጥናፉን ለብቻው ጠሩና «የመጨረሻዋ ምት ያንተ ናት፤ ለማንም እንዳትናገር» አሉት። አጥናፉ ጉልበት ስሞ ወጣ። ቀጥሎ ውብሸት ተጠራ። እሱም ጉልበት ስሞ ወጣ። ጎሹማ ከደስታው ብዛት ሲወጣ መቃኑ ግንባሩን መታው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ከመጋረጃው ጀርባ ጥጥ እየፈተሉ ሁሉንም ሰምተው ኖሮ እንዝርታቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ጌታዬ፣ አንዲት ሙሽራ ለሦስት ቤት ስትታጭ ሰማሁ ልበል?»

«አንቺ ደግሞ። ካሸነፍን በኋላ ማን ይጠይቃል? ሦስት ዘፈን አዘፍናለሁ።»

«ከተሸነፍንስ?»

«በእነዚህ ሰዎች? ምን ነካሽ አንቺ።»

«የእኛስ ልጆች ምን ይሁኑ? የእህትዎ ልጅ ፈንታ ዱላውን ቅቤ ሲያጠጣ ነው የከረመው። እነሱ እኮ አብረው ያደጉ ናቸው፤ አንዱ ሌላው የት እንደሚቆም ሳያይ ያውቃል።»

«የእኛ ልጆች ሩሩን አይነኩም። መንገድ ይክፈቱ፣ ዋርካው ሥር ይቁሙ፣ ይበቃቸዋል። ፈረስ ተጭኖ ሳለ ማን በአህያ ይሄዳል?»

ወይዘሮ አትጠገብ እንዝርታቸውን እያሾሩ ወደ መጋረጃው ጀርባ ተመለሱ። ፈንታና ጓደኞቹም ተጠርተው ትእዛዙ ተነገራቸው። ሩሩን የነካ ጠቡ ከግራዝማች ጋር ነው። ፈንታ «እሺ ጌታዬ» አለ። በዚያ አገር ግራዝማች ካሉ አሉ ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልተወለደም።

ገና ደረሰ። የሁለቱ ደብር ሰው ሜዳውን ከበበው፤ የወደፊት አማቾቹም ከነቤተሰባቸው ነጫጭ ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። የሸንበቆው ባላባት ባላምባራስ ቀጸላ መጥተው ከግራዝማች ጎን ዱካቸውን አስቀመጡ።

«ግራዝማች፣ ዘንድሮስ ሰው ያገኙ መሰለኝ።»

«እርስዎም አልቃሽ ይዘው መጥተው እንደሆነ ይበጅዎታል» አሉ ግራዝማች።

እውነትም የባላምባራስ ሰዎች ሲታዩ የሚያሳዝኑ ነበሩ። አንዱ ሸማኔ፣ አንዱ አራሽ፣ አንዱ የደብሩ ደወል ደዋይ ታረቀኝ፤ እሱማ ከቅጥነቱ የተነሳ ዱላውና ሰውየው ከሩቅ አይለዩም። ዳኛው ባሻ ጉግሳ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ፣ ፊታቸው የተጨማደደ ሽማግሌ ናቸው። ሩሩን መሃል ሜዳ አኖሩና «ይቅናችሁ» ብለው ዞር አሉ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። አጥናፉ ገና ሩሩ መሬት ሳይለምድ አንዴ ሲለጋው ድምፁ ከወንዙ ማዶ ተመልሶ ተሰማ። ሩሩ በሰው ሁሉ አናት ላይ አለፈና ወንዙ ዳር ሄዶ ዱብ አለ። የዋርካ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ግራዝማች ከዱካቸው ተነሡ፤ ካባቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ሲነካ አላወቁም። ውብሸት ሮጦ ደረሰ። ሩሩ እግሩ ሥር ነው፣ ወንዙ ከፊቱ ነው፣ በጣቱ ቢነካው ይሻገራል።

«ተው፣ የኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አጥናፉ ነው፤ የራሱን ሩር ተከትሎ እያለከለከ ደርሷል። ውብሸት ዞር ብሎ እስኪያየው ጎሹ በመሃል ሾልኮ ገባና ሩሩን ከእግሩ ሥር ፈልቅቆ ወደ ሜዳው መለሰው። ለምን መለሰው? ከዚያ ሆኖ ቢመታ ውብሸት ይቀድመው ነበራ። ከሩቅ ተንደርድሮ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እሱው ራሱ ሊያሻግረው ነው።

እንዲህ ሆኖ ረፈደ፤ እንዲህ ሆኖ እኩለ ቀን ሆነ። ጎሹ ተንደርድሮ ሲመጣ አጥናፉ ይጋርደዋል። አጥናፉ ዱላ ሲያነሳ ውብሸት ዱላውን ይይዘዋል። ሸንበቆዎች እንኳ መከላከሉን ትተው ቆመው ማየት ጀመሩ። ሩሩ ወንዙ ዳር ይደርሳል፣ ይመለሳል። ሰዉ ተነሥቶ ይጮሃል፣ መልሶ ይቀመጣል። ግራዝማች ግን ተስፋቸው ከፍ እንዳለ ነው። ሩሩ ቀኑን ሙሉ ዋርካው ዘንድ አንድ ጊዜ እንኳ አልደረሰማ። በልባቸው የድሉን ዘፈን እየገጠሙ ነበር፤ ለባላምባራስ የሚሆን መልካም ስድብም አግኝተዋል።

ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ሩሩ እንደገና ወንዙ ዳር ቆመ። ሦስቱም እላዩ ላይ ናቸው፤ ከሸንበቆ ሰው አንድም በአጠገቡ የለም። ግራዝማች መታገሥ አቃታቸው።

«ምታው!» ብለው ጮኹ።

ሦስቱም የተጠራሁት እኔ ነኝ አሉ። ሦስት ዱላ ባንድ ጊዜ ተነሥቶ ባንድ ጊዜ ወረደ። አንዱ ዱላ ተሰበረ፣ አንዱ የውብሸትን ቅልጥም አገኘ፣ አንዱ መሬት ቆፈረ። ሩሩን የነካው አልነበረም። ሦስቱ ሲተናነቁ ያ ቀጭኑ ደወል ደዋይ ታረቀኝ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ዱላውን በእግሮቻቸው መሃል ሰደደና ሩሩን ጎትቶ አወጣው።

አወጣው፣ ግን አልመታውም። ቀና ብሎ አየና ለሸማኔው ገፋ አደረገለት። ሸማኔው ሳያቆመው ለአራሹ ላከው። አራሹ ባዶ ቦታ ላይ ጣለው፤ ባዶ ቦታው ላይ ታረቀኝ ደርሶ ቆሟል። ሜዳው ላይ ሩጫና የእግር ኮቴ ብቻ ቀረ። የዋርካው ሰው «ያዙት፣ ያዙት» ይላል፤ የሚይዝ ግን ከየት ይምጣ? ፈንታና ጓደኞቹ ዋርካው ሥር ዱላቸውን በትከሻቸው እንዳጋደሙ ተደርድረው ቆመዋል። ሩሩ ወደ እነሱ እየተንከባለለ መጣ።

ፈንታ ሩሩን አየ፣ ግራዝማችን አየ።

«ጌታዬ፣ ይነካ?» ሲል ጮኸ።

ግራዝማች አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ እምቢ አላቸው። እጃቸውን አወናጨፉ፤ ፈንታ ደግሞ የሩቅ እጅ ተው ይበል ንካ ይበል አልገባውም።

«ጌታዬ፣ ይነካ ወይ?»

«ንካው!» የምትለዋ ቃል ከግራዝማች አፍ ስትወጣ ሩሩ በፈንታ እግሮች መሃል አልፎ፣ የዋርካውን ሥር ታክኮ፣ ከማዶው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

የሸንበቆ ሰው ሰማይ እስኪያስተጋባ እልል አለ። ወንዙ ዳር ግን ጠብ ተነሥቷል። ሦስቱ መቺዎች ልብስ ለልብስ ተያይዘዋል።

«የመጨረሻዋ ምት የኔ ነበረች፤ ግራዝማች ይጠየቁ» አለ አጥናፉ።

«ውሸታም። ለኔ ነው የሰጡኝ፣ ለማንም እንዳትናገር ብለው» አለ ውብሸት።

«እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አለ ጎሹ።

ሰዉ ሰማ። ከፊት ተጀምሮ ወደ ኋላ እየተቀባበለ ሳቁ ሜዳውን ዞረ። ባላምባራስ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። አማቾቹ ይህን ጊዜ ጉንጭ መንፋቱንም ትተው በግላጭ ሳቁ። ግራዝማች መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ወደዱ። የሸንበቆው ገጣሚ ከሰው መሃል ወጥቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ባዩት ጊዜ ዳኛውን በዓይናቸው ፈለጉ። ያለ መቺ «ሰው ጠፋብህ» የተባሉ፣ ሦስት መቺ ይዘው ምን ሊባሉ ነው? ያውም በልጃቸው ሰርግ ዓመት።

ወደ ባሻ ጉግሳ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ባሻ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ። ስለ ልጄ ሰርግ ብለው፣ የዘንድሮው ዘፈን ይቅርልኝ» አሉ።

ባሻ ጉግሳ ባላምባራስን አዩ። ባላምባራስ ሳቃቸውን ገታ አደረጉ፤ እሳቸውም ልጅ ድረዋልና ነገሩ አንጀታቸውን በላው።

«እሺ፣ ዘፈኑን ትቻለሁ» አሉ። «ግን ልማድ ነውና ያለ ቃል አንበተንም። ባሻ እንደ ዳኝነታቸው አንድ ነገር ይበሉና ወደየቤታችን እንግባ።»

ግራዝማች እፎይ አሉ። አንድ ቃል ምን ያህል ነው? ዓመት የሚከርመው ዘፈን እንጂ ቃልማ በማግስቱ ይረሳል ብለው ካባቸውን ከመሬት አነሡና አራግፈው ደረቡት፤ ፈገግ ብለውም «ይበሉ ባሻ፣ እንዳሻዎ ይበሉ» አሉ።

ባሻ ጉግሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አሁንም ወንዙ ዳር የሚጓተቱትን ሦስቱን መቺዎች አዩ፣ ዱላውን በትከሻው እንዳጋደመ የቀረውን ፈንታን አዩ፤ ከዚያም ሰዉ ሁሉ ጸጥ ብሎ በሚሰማበት፣ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ ሳያደርጉ፣ «ሁሉም ልምታ ባለ፣ ሩሩ ሜዳ ዋለ» አሉ።