የፊታውራሪ ግዳይ

ምላሷ ከምላጭ የሰላ አንዲት ባላገር ነበረች አሉ። ከአባቷ የወረሰችው፣ ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ነፍጥ ነበራት። አንድ ቀን ይህንኑ ተሸክማ ለአደን ስትወጣ ፊታውራሪ ይመኑ በበቅሎ ተቀምጠው፣ አዲስ ጠመንጃ አንግተው፣ አጃቢ አስከትለው አገኟትና ሳቁባት።

«አንቺ ሴትዮ! ይህ ሽማግሌ ነፍጥሽ ጎርሶ እስኪጠግብ ድኩላው ልጁን ድሮ ይጨርሳል።»

«ግድ የለም ጌታዬ፤ የኔ ሽማግሌ ቤቱ ጎርሶ ነው የወጣ።»

ወዲያው አንድ ድኩላ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ፊታውራሪ ከበቅሎአቸው ዘለው ወረዱና በጥድፊያ ተኮሱ። ድኩላው ደንግጦ ሲፈተለክ ሴትዮዋ ነፍጧን አስጓራችው። ጭሱ ሲገለጥ ድኩላው ተዘርሯል። ቢያገላብጡት ያለው ቁስል አንድ ነው፤ እሱም የነፍጡ ድብልብል አረር የበሳው።

ፊታውራሪ ግን መሸነፍ አልወደዱም።

«በአደን ሥርዓት ግዳዩ ቀድሞ ደም ላፈሰሰ ሰው ነው። ቀድሜ የተኮስሁት እኔ ነኝ! አይደለም ካልሽ ጌታሽን ዋሾ ማለትሽ ነው፤ ነፍጥሽን ትቀሚያለሽ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«ኧረ ማን ደፍሮ፣ ጌታዬ! ቀድመው ደም ያፈሰሱስ እርስዎ ነዎት» አለችና፣ አጠገባቸው ቆማ በጥይት ከተሸረፈ ጆሮዋ ደም ወደምታንጠባጥበው በቅሎአቸው ዞረች። «ግዳይዎ ይቻት፣ ቆማ እየጠበቀችዎት ነው። እኔ ድኩላዬን ተሸክሜ ልሂድ፤ እርስዎም ግዳይዎ ላይ ተቀምጠው ይፎክሩ።»