የሳሎኔ ዓሣ

አንድ ቀን ድሬዳዋ መጋላ ያለው ሱቄ ጠበበኝና ከጎኔ ያለውን ፀጉር አስተካካይ ነጂብን ላስለቅቀው ቆርጬ ተነሳሁ። ያን ሱቅ የጀመርኩት በረንዳ ላይ በዘረጋኋት አንዲት ጠረጴዛ ነው። ቀስ በቀስ ገንዘብ ሲገኝ ሕንፃውን ገዛሁና መጀመሪያ ጫማ ሰፊውን፣ ቀጥሎ ሻይ ቤቱን፣ ከዚያ ከኋላ ያለውን ወፍጮ ቤት ጠቀለልኩ። የቀረኝ ነጂብ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ስድስት ልጅ የሚያሳድገው በዚያች ባለአንድ ወንበር ክፍል ነው። ሰው ፊት ከማዋርደው ብዬ ቤቴ አስጠራሁት።

ወሬው ቀድሞ ደርሶታል መሰለኝ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞ ገባ። ሳሎን እንደደረሰ ግን ዓይኑ የዓሣ ገንዳዬ መስታወት ላይ ቀረ። ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ወዳጄ የባሕር ዓሦች አምጥቶልኝ ነበር። እኔም ግድግዳውን የሚያህል የመስታወት ገንዳ አሠርቼ፣ ውሃውን በሊትር፣ ጨዉን በሚዛን እየለካሁ አኖራቸው ነበር።

«አቦ ጋሽ ደምሰው፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ለአንድ ዓሣ?» አለኝ።

«ኧረ ተወኝ ነጂብ! አሥራ አንድ ነበሩ። መቼም ሳልቆጥር እንደማልውል ታውቃለህ። በየጠዋቱ ስቆጥር ይጎድላሉ። ድመቷን ጠረጠርኩና ግቢ አሰርኳት። እሷ ታስራም ይጎድላል! ለካ ይሄ ነው፤ ትሪገርፊሽ ይሉታል። ጥርሱን አየኸው? የሰው እኮ ነው የሚመስለው! ሲመጣ አውራ ጣቴን አያክልም ነበር። ድንጋይ ሥር ተወሽቆ ሳየው አሳዝኖኝ፣ ምግብ እንኳ ለብቻው ነበር የምሰጠው። መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን በላ። ቀጥሎ ማዶ ያለውን በላ። አሁን ባሕሩ በሙሉ የሱ ሆኖለት እንኳ አልበቃውም፤ ድንጋዩን እየገለበጠ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። እስቲ አንተ ፍረድ፣ እንዲህ ያለ ሆዳም አይተህ ታውቃለህ?»

ነጂብ ጎንበስ ብሎ ዓሣውን አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«አይቀየሙት ጋሽ ደምሰው» አለኝ። «እሱን ቢጠይቁት እኮ “ከምንም ተነስቼ፣ በላቤ እዚህ ደረስኩ” ነው የሚልዎት።»

ሚስቴ ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት። ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ ወንበር ሳብኩለት።

«ለመሆኑ ለምን ነበር የፈለጉኝ?» አለ ነጂብ።

«ፀጉሬን እንድታስተካክለኝ ነዋ!»

ራሴ ከተመለጠ ሃያ ዓመት አልፎታል። ይኸው እስከ ዛሬ ግን በየሳምንቱ እዚያው ነጂብ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሌለ ፀጉሬን እቆረጣለሁ።